የጋራ ሰርቨር ለአነስተኛ ቢሮ፦ በአሰላና በአርሲ ደጋ ላሉ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በኢተያ፣ በሳጉሬና በበቆጂ አምስት ወይም አሥር ሠራተኞች ይዘው የሚሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮዎችና የግል ክሊኒኮች ሰነድ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚያሻግሩት አብዛኛውን ጊዜ በፍላሽ ነው። በዚህ አሠራር አንድ የስንዴ ግዢ መዝገብ በገንዘብ ያዡ፣ በሒሳብ ሹሙና በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሮች ላይ በሦስት የተለያዩ ይዘቶች ይገኛል፤ ኦዲተር ሲመጣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀናት የሚፈጅ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ፍላሹም ከሰነዱ ጋር ቫይረስ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያዞራል። የጋራ ሰርቨር ማለት ለአነስተኛ ቢሮ የቢሮው ሰነድ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚቀመጥበት፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ገብተው የሚሠሩበት፣ ማን ምን ማየትና መለወጥ እንደሚችል የሚወሰንበት አንድ ማሽን ማለት ነው። የሶፍትዌሩ ተከላ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ማሽኑ ከዓመታት በኋላም የሚታመን መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት የኤሌክትሪክ አያያዙ፣ የሰነድ አሰያየሙና የባክአፕ ልማዱ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ላይ ይበልጥ ይቆያሉ።

ደረጃ 1፦ የሚጋራውን መለየትና ጊዜውን መምረጥ

ሥራው የሚጀመረው ከቆጠራ ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ሰነዶች በሦስት ምድብ ተከፍለው በወረቀት ላይ ይመዘገባሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሊያያቸው የሚገቡ፣ ለምሳሌ ቅጾች፣ ደብዳቤዎችና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፤ የአንድ ክፍል ብቻ የሆኑ፣ ለምሳሌ የደመወዝ መክፈያ፣ የብድር ማኅደርና የሕሙማን ካርድ፤ እንዲሁም የሠራተኛው የግል የሆኑ ፎቶዎችና ፊልሞች። ሦስተኛው ምድብ ወደ ሰርቨሩ ጨርሶ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን መወሰን አለበት፤ ምክንያቱም ዲስኩ በፊልም ሲሞላ ባክአፑም አብሮ ያብጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ማንም ሊጠብቀው የማይፈልግ ሸክም ይሆናል።

በርካታ የኢትዮጵያ ቢሮዎች ሒሳባቸውን የሚይዙበት ፒችትሪ በዚህ ቆጠራ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ለብዙ ተጠቃሚ የተዘጋጀው የፒችትሪ ዕትም ፐርቬሲቭ በሚባል የራሱ የዳታቤዝ ሞተር፣ ማለትም መዝገቦቹን በሚያነብና በሚጽፍ የጀርባ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ሲሆን፣ ይህ ሞተር መረጃው በተቀመጠበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ መጫን አለበት። የፒችትሪን ዳታ ከዚህ በታች በሚገለጸው የሊኑክስ ሰርቨር ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ከሁለት ኮምፒውተር መክፈት መዝገቡን ሊያበላሽ የሚችል ስሕተት ነው። ዳታው በሒሳብ ሹሙ ማሽን ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ፒችትሪ ራሱ በየቀኑ የሚያወጣው የባክአፕ ፋይል ነው።

ወደ አዲሱ አሠራር የሚሸጋገሩበት ወርም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ሰኔና ሐምሌ ቢሮው በሒሳብ መዝጊያ የሚጨናነቅባቸው፣ በዚያ ላይ የክረምቱ ዝናብና መብረቅ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የስንዴና የገብስ አዝመራ የሚሰበሰብበትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በእህል ግዢ የሚጠመዱበት ጊዜ ነው። በመካከል ያለው የጥቅምት ወር ዝናቡ ያበቃበት፣ ሥራውም የሚፋታበት በመሆኑ ለሽግግር ከሁሉ ይመቻል።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን መምረጥ

ለአሥር ሠራተኛ ፋይል ለማጋራት ልዩ የሰርቨር ማሽን አያስፈልግም። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ለሥርዓቱ ማስነሻ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እንዲሁም ለሰነድ ማስቀመጫ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሃርድ ዲስኮች የያዘ ተራ ዴስክቶፕ ይበቃል። ዴስክቶፕ የሚመረጥበት ዋና ምክንያት የመለዋወጫው ጉዳይ ነው፤ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል በአሰላ ወይም 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በአዳማ ሊገኝ ይችላል፣ የልዩ ሰርቨር ዕቃ ግን እስከ አዲስ አበባ ያስኬዳል፣ ያኔም ላይገኝ ይችላል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ቢያጓጓም ሁለት ትልልቅ ዲስኮች በአግባቡ አይዝም።

ያገለገለ ማሽን መግዛት ነውር የለበትም፤ ያገለገለ ዲስክ ግን መገዛት የለበትም። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ዘወትር የሚዘነጋው የማዘርቦርዱ ትንሽ ክብ ባትሪ ነው፤ ይህ 3 ቮልት ባትሪ ሲደክም መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓትና ቀን ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፣ አዲስ የተጻፈው ሰነድም ከአሮጌው የቀደመ መስሎ ይመዘገባል፣ ባክአፑም ግራ ይጋባል። ባትሪው ርካሽ ስለሆነ ሳይደክም መቀየሩ ይመረጣል።

የደጋው ከፍታም ግምት ውስጥ ይገባል። የተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚያነብበት ጭንቅላት በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ስለሆነ፣ አምራቾች ዲስኩ የሚሠራበትን ከፍታ ይወስናሉ፤ ወሰኑም አብዛኛውን ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አሰላ በወሰኑ ውስጥ ናት፤ ከዚያ ከፍ ባሉት በበቆጂና በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግን ከግዢ በፊት የዲስኩን መግለጫ ማየት ተገቢ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የማሽኑ ማራገቢያም የሚያወጣው ሙቀት ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ የአርሲ ብርድ ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ማሽኑ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሲቀመጥ ነው።

ደረጃ 3፦ ቦታና ኤሌክትሪክ

ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ክፍል የሚቆለፍ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ያለው፣ ከመስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ፍሳሽ የራቀ መሆን አለበት። ማሽኑን አቧራን በመፍራት በጨርቅ መሸፈን በብዙ ቢሮዎች የሚታይ ልማድ ነው፤ እየሠራ ያለን ማሽን መሸፈን ግን ሙቀቱን አፍኖ የዲስኩን ዕድሜ ያሳጥራል። በበጋ ወራት አቧራው ስለሚበዛ በየሦስት ወሩ ማሽኑን አጥፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳቱ የተሻለ ነው።

ከዚህ መመሪያ ውስጥ ከሌላው ሁሉ በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። የመደበኛው ኃይል 220 ቮልት ቢሆንም በመስመሩ ላይ ከዚያ የሚወርድና የሚወጣ ስለሚሆን፣ ለውጡን የሚያስተካክለው ስታብላይዘርና መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ስታብላይዘሩ በግድግዳው ሶኬትና በዩፒኤሱ መካከል ይገባል። 1,000 ቮልት አምፔር የሚል ምልክት ያለበት አነስተኛ ዩፒኤስ በተግባር የሚሸከመው 600 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ሰርቨሩን፣ ስዊቹንና ራውተሩን ብቻ ካያዙት ለብዙ ደቂቃዎች ያቆያቸዋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ከዩፒኤስ ጋር ፈጽሞ መያያዝ የለበትም፤ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍሉ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያጠፋዋል፣ ሰርቨሩም አብሮ ይወድቃል።

ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት በጠፋበት ሰዓት ሥራ ለመቀጠል ነው የሚለው ግምት ብዙ ሰነድ አጥፍቷል። የዩፒኤሱ ዋና ተግባር ሰርቨሩ የጀመረውን ጽፎ ጨርሶ በሥርዓት እንዲጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። ለዚህም ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ተያይዞ፣ ነት (NUT) የሚባለው የዩፒኤስ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ባትሪው ሲያንስ ማሽኑን በራሱ እንዲያጠፋ መዘጋጀት አለበት፤ በዚህ ምክንያት የዩኤስቢ መሰኪያ የሌለው ዩፒኤስ ቢረክስም አይገዛም። መብራት መጥቶ ወዲያው የሚጠፋበት፣ እንደገናም የሚመጣበት ጊዜ ለማሽኑ ከረጅም መጥፋት ይከፋል፤ ስለዚህ ባትሪው በከፊል ሳይሞላ ሰርቨሩ እንዳይነሣ ማድረግ ይገባል።

የግራውንድ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ፣ ነገር ችላ የሚባለው የማይታይ ስለሆነ ነው። ትርፍ ኃይል ወደ መሬት የሚወርድበት ይህ ሽቦ ከሌለ የመከላከያ ዕቃዎች ተግባራቸውን በሙሉ አይፈጽሙም፤ ሽቦው ያለው ሶኬት ላይም የግራውንድ መንገድ የሌለው ርካሽ ዲቫይደር ሲሰካ ጥቅሙ ይቀራል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አምጥቶ ግራውንዱን በመሣሪያ ማስለካት የአንድ ዩፒኤስ ዋጋ ሲያወጡ የማይታለፍ ወጪ ነው። መብረቅ በኤሌክትሪክ መስመር ብቻ አይገባም፤ በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔትም ራውተሩን አልፎ እስከ ሰርቨሩ ይደርሳል። በክረምት ቢሮው ሲዘጋ የስልክ ሽቦውን ከራውተሩ መንቀል ተረኛው ሰው ሊለምደው የሚገባ ተግባር ነው። በፋይበር መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ክሩ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ከዚህ ስጋት በእጅጉ ነጻ ነው።

ደረጃ 4፦ ኔትወርኩን መዘርጋት

ስዊች የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ በኬብል የሚገናኙበት ሳጥን ነው። በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ስዊችና ካት 6 የተባለው ኬብል የሚመረጡት ልዩነቱ በዓይን ስለሚታይ ነው፤ 1 ጊጋባይት የሚመዝን የስካን ማኅደር በ100 ሜጋቢት መስመር ቢያንስ 80 ሰከንድ ሲፈጅ በጊጋቢት መስመር በ10 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። አንድ ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። በግቢው ውስጥ ካለ ሌላ ሕንፃ ጋር የመዳብ ኬብል በአየር ላይ መዘርጋት በመብረቅ ወቅት ሁለቱንም ሕንፃ ያጋልጣልና በፋይበር ወይም በሬዲዮ ማገናኘት ይሻላል።

ሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። አድራሻው በራውተሩ ላይ ካልተያዘለት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል፣ ያን ቀንም ሠራተኛው ሁሉ «ሰርቨሩ ጠፋ» ይላል። ለእንግዳ የሚሰጠው ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ መለየት አለበት።

ደረጃ 5፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ዲስክ

ኡቡንቱ ሰርቨር ወይም ደቢያን፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ የሊኑክስ ሥርዓቶች፣ ለዚህ ሥራ ይስማማሉ፤ በተሰነጠቀ የዊንዶውስ ቅጂ ላይ የቢሮን ሰነድ ማኖር ደግሞ ማን እንደነካካው በማይታወቅ ቁልፍ ካዝና መቆለፍ ነው። የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሊኑክሱን ፎልደር እንደ ራሳቸው ዲስክ እንዲያዩት የሚያደርገው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል። በሳምባ አቀማመጥ የመጀመሪያው የፋይል ማጋሪያ ስልት፣ ኤስኤምቢ 1፣ ተዘግቶ መቆየት አለበት፤ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተስፋፋው በዚሁ ስልት ቀዳዳ ነበር። ከዚህ የተነሣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም፤ ለእርሱ ሲባል በሩን መክፈት ለሌሎቹ ሁሉ አደጋ ነው።

ሁለቱ ዲስኮች ሬይድ 1 በሚባለው አደረጃጀት መንታ ይደረጋሉ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ወዲያው ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሥራ አይቆምም። ይህ ባክአፕ አይደለም። አንድ ሠራተኛ የአባላትን መዝገብ በስሕተት ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስኮች በዚያው ቅጽበት ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ፎልደርና ፈቃድ

እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ሊኖረው ይገባል፤ አንድ የጋራ ፓስወርድ ያለበት ቢሮ አንድ ሰነድ ሲለወጥ ማን እንደለወጠው ሊያውቅ አይችልም፣ ሠራተኛ ሲለቅም በሩን የሚዘጋበት መንገድ የለውም። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰዎች በተናጠል ከሚሆን ለክፍሎች ቢሆን ይቀላል፤ «ሒሳብ» የሚባል ቡድን ተፈጥሮ አዲስ የመጣው ሠራተኛ ወደ ቡድኑ ይገባል፣ የሄደው ይወጣል። የደመወዝ፣ የብድርና የሕክምና ማኅደሮች ለሌላው ክፍል እንዳይታዩ ማድረግ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል። አንድን የኤክሴል ፋይል ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ሁለተኛው ማንበብ ብቻ እንዲችል መደረጉ ጥበቃ እንጂ ብልሽት አለመሆኑ ለሠራተኞች አስቀድሞ ቢነገር፣ «አልከፍት አለ» ብሎ ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ የሚሠራ ሰው ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ የሰነድ አሰያየም

በአርሲ የሚገኝ ቢሮ በአንድ ቀን በአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በአማርኛ ይቀበላል፣ የሒሳብ መግለጫውን በእንግሊዝኛ ያወጣል፤ ሦስቱም በአንድ ፎልደር ሲገናኙ የሚፈለገው ሰነድ እንዲገኝ ስያሜው በስምምነት መወሰን ይኖርበታል። በአማርኛ ስሞች ላይ ትልቁ ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው፤ «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠ የአባል ማኅደር «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቅርጽን እንጂ ድምፅን አይደለምና። መፍትሔው የአባላትና የደንበኞች ማኅደር በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር እንዲጀምር ማድረግ፣ ስሙም በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈ እንዲጻፍ ማዘዝ ነው። በቁቤ በሚጻፉ ስሞች ላይ ተመሳሳይ ችግር በሁድሃ (') ምልክት ይደርሳል፤ የቃላት ማቀነባበሪያው ቀጥ ያለውን ምልክት በራሱ ወደ ጎባጣ ስለሚለውጥ ሁለቱ ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለፍለጋ የተለያዩ ናቸው። በፋይል ስም ላይ ቀጥ ያለው ብቻ እንዲጻፍ ይወሰናል።

የደብዳቤውን ርእስ በሙሉ የፋይል ስም ማድረግም ወሰን አለው። ሊኑክስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል አይበልጥም፤ ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ዊንዶውስ ላይ የተቀበለው ረጅም ስም ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ ለምን እምቢ እንዳለ አይገባውም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶች ደግሞ የፊደል ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ፣ በፍለጋም አይገኙም፤ ወደ ሰርቨሩ ከመግባታቸው በፊት በየጊዜው የሚያስፈልጉት ወደ ዩኒኮድ ቢለወጡ፣ የተቀሩትም በፒዲኤፍ ቢቀመጡ ይበጃል።

ቀን ሲጻፍ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወርና ቀን በሁለት በሁለት አሃዝ ይከተላሉ፤ 2017-02-15 ማለት ጥቅምት 15 ቀን 2017 ነው፣ ጳጉሜንም 13 ተብሎ ይገባል። በዚህ ቅደም ተከተል ፋይሎች በራሳቸው በጊዜ ይደረደራሉ። 2017 በሁለቱም አቆጣጠር ያለፈ ዓመት በመሆኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በዋናው ፎልደር ስም ላይ መግለጽ ያስፈልጋል። የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 2016 ስለሆነም የሒሳብ ሰነዶች በበጀት ዓመት፣ ደብዳቤዎች በቀን መቁጠሪያ ዓመት የሚመደቡ ከሆነ ይህ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የሐምሌና የነሐሴ ሰነዶች በሁለት ቦታ ይበተናሉ።

ደረጃ 8፦ ባክአፕ

ባክአፕ ማለት ዋናው ቢጠፋ የሚተካ፣ ከዋናው ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ ነው። በዓለም የሚሠራበት ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚል ነው። ለአነስተኛ ቢሮ ይህ ማለት በሰርቨሩ ላይ ያለው ዋናው፣ በዩኤስቢ የሚያያዝ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እና በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ጋር እየተለዋወጠ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሄድ ሁለተኛ ውጫዊ ዲስክ ማለት ነው። ከቢሮ የሚወጣው ዲስክ በምስጠራ መቆለፍ አለበት፤ በታክሲ ላይ ቢረሳ ያገኘው ሰው የአባላትን ብድር እንዳያነብብ።

በመጻሕፍት ላይ የሚመከረው ሰዓት ሌሊት ነው፤ በደጋው ቢሮዎች ግን ማታ ሲወጣ ብሬከር ማውረድ የተለመደ ስለሆነ በሌሊት የታቀደ ባክአፕ ሳይሠራ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የምሳ ሰዓት ይሻላል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በማሽኑ አቆጣጠር 12:30 ነው፣ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲዘነጋም ትእዛዙ ቢሮው ሳይከፈት ማለዳ ላይ ይወድቃል። ብዙ ቢሮዎች ዓርብ ለጁምዓ ሰላት ረዘም ያለ የምሳ ዕረፍት ስላላቸው የሳምንቱ ሙሉ ቅጂ በዚያ ሰዓት ቢደረግ ሥራ አያደናቅፍም። በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ማስቀመጫ መላክ ለሚያስብ ቢሮ ስሌቱ ይህ ነው፦ 20 ጊጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ በዲስክ ተወስዶ በኢንተርኔት የዕለቱ ለውጥ ብቻ ይላካል።

ቅጂ ከተወሰደ በኋላ ውጫዊው ዲስክ መነቀል አለበት። ተሰክቶ የሚቆይ ዲስክን ፋይል ቆላፊ ቫይረስም፣ መብረቅም ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይወስደዋል። ከዚህም በላይ፣ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደ ባክአፕ መቆጠር የለበትም። በወር አንድ ቀን ከቅጂው ላይ በዘፈቀደ የተመረጡ ጥቂት ሰነዶች ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተመልሰው ተከፍተው ይታያሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከሰኔ በፊት፣ ሙሉው ቅጂ በባዶ ዲስክ ላይ ተመልሶ የወሰደው ጊዜ ይመዘገባል። ቢሮው ሥራ አቁሞ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ የሚያውቀው በዚህ ልምምድ ነው።

ደረጃ 9፦ ርክክብ

በሽግግሩ ቀን የሠራተኞች ሰነዶች ወደ ሰርቨሩ ከተገለበጡ በኋላ በየኮምፒውተሩ የቀሩት አሮጌ ቅጂዎች ወዲያው አይጠፉም፣ እንደ ነበሩም አይተዉም፤ ማንበብ ብቻ እንዲቻል ተቆልፈው እስከ መጀመሪያው የሒሳብ መዝጊያ ይቆያሉ፣ ከዚያ ይሰረዛሉ። ሳይቆለፉ የቀሩ እንደሆነ ሠራተኛው በልማድ ወደ ቀድሞው ፋይል ይመለሳልና ሦስት የተለያዩ መዝገቦች የነበሩበት ሁኔታ እንደገና ይፈጠራል።

ከሰርቨሩ አጠገብ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይቀመጣል፤ የማሽኑ አድራሻ፣ የዲስኮቹ የተገዙበት ቀን፣ የዩፒኤስ ባትሪ የተቀየረበት ቀን፣ የባክአፕ ሙከራ ውጤትና የተነካ ነገር ሁሉ በእጅ ይጻፍበታል፤ ሰርቨሩ በማይነሣበት ቀን በሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠ ማስታወሻ አይነበብምና። የዩፒኤስ ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት ስለሚደክም ወጪው በዓመታዊ በጀት ይያዛል። ሥራውን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች መኖር አለባቸው፤ የአስተዳዳሪው ፓስወርድና የውጫዊው ዲስክ ምስጠራ ቁልፍም በወረቀት ተጽፈው፣ በኤንቨሎፕ ታሽገውና በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ተፈርሞባቸው በገንዘብ ያዡ ካዝና ይቀመጣሉ፣ ኤንቨሎፑ በተከፈተ ቁጥርም ፓስወርዱ ተለውጦ በአዲስ ይታሸጋል።